ከልደታ እስከ ልደታ፦ ሥዩምን በንጉሡ «ሠ» ለማስመዝገብ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ። ከቤቴ በር

ሌላ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ የጉዞ ማስታወሻ ይጽፋል። እኔ ከልደታ ተነሥቼ፣ በልደታ በኩል አድርጌ፣ ልደታ ገብቻለሁ። ጉልበቱን የማያመው ሰው መንገዱን ከምሳ በፊት ጨርሶት ይመለሳል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ተጓዝኩበት፤ ስለዚህ የመጻፍ መብት አለኝ ብዬ አምናለሁ።

የጉዞዬ ዓላማ ባለቤቴ መሞቱን ማሳወቅ ነበር። ለዘመድ አይደለም። ዘመድ ዐውቆ፣ አልቅሶ፣ ንፍሮውን ቀምሶ ተበትኗል። ለመንግሥት ነው። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ ውሉም በእሱ ስም ነው። ሰፈራችን ለልማት ይነሣል ስለተባለ ምትክ ቤት የሚያገኘው ውሉ ላይ ስሙ ያለ ሰው ብቻ ነው። የቤቶች ቢሮ የለጠፈው ማስታወቂያ ግልጽ ነው፦ የሟች ውል ወደ ሚስቱ የሚዞረው የሞት ምስክር ወረቀት ስታቀርብ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ከዓርብ በኋላ ልጆቼን ባሳደግኩበት ቤት ውስጥ እንግዳ እሆናለሁ።

ባለቤቴ ሥዩም ተሰማ ይባላል። ጡረታ እስኪወጣ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር። ሌሎች የጻፉትን አንብቦ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ መልቀም እንጀራው ነበር ማለት ነው። ስሙን በንጉሡ «ሠ» ነበር የሚጽፈው። ለወጣት አንባቢዎቼ ላስረዳ፦ ፊደላችን ውስጥ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት የሆኑ «ሰ»ዎች አሉ። አንዱ «ንጉሥ» የሚለው ቃል የሚጻፍበት ስለሆነ ንጉሡ «ሠ» ይባላል። ሌላው «እሳት» የሚጻፍበት ስለሆነ እሳቱ «ሰ» ይባላል። ሥዩም ማለት የተሾመ ማለት ነው። «ሹመት ከንጉሥ ይመጣል እንጂ ከእሳት አይመጣም» ይል ነበር። የአባቱ ስም ተሰማ ግን በእሳቱ ነው። «አባቴ እሳት፣ እኔ ንጉሥ» እያለ ይሥቅ ነበር።

ስሙን በእሳቱ የጻፈ ሰው ከእርማት አያመልጥም። የሠርግ መጥሪያ ቢሆን፣ የዕድር ደረሰኝ ቢሆን ያርመዋል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ካርዱ ላይ «ስዩም» ብለው ጽፈውት አየና በእጁ ምልክት እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ሰረዘው፤ ከላዩ «ሥ» ጻፈበት። ነርሷ ሣቀች፤ እሱም ሣቀ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አልጻፈም።

ከበራችን ላይ አንዲት ትንሽ ጣውላ አለች፤ «ሥዩም ተሰማ» ብሎ በራሱ እጅ በጥቁር ቀለም የጻፈባት። በሩን ስቆልፍ ጎረቤቴ አስካለ ጀሪካን ይዛ ወጣች።

«ወይንዬ! በዚህ ጨለማ ወዴት ነው?»

«ወረዳ። ሰልፍ ልይዝ።»

«የኔ እናት፣ ሞቶም ሰልፍ አለ?»

«እሱማ ሰልፉን ጨርሷል። የእኔ ነው የቀረው።»

ጣውላዋን ቀና ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወረቀቱን ስታገኚ ይቺን ትነቅያታለሽ አይደል? ቤቱ በስምሽ ከዞረ በኋላ የሟች ስም በር ላይ ደግ አይደለም።»

«መጀመሪያ መሞቱ ይረጋገጥ» አልኳትና መንገዴን ጀመርኩ።

ሰኞ፣ ረፋድ ላይ። ወረዳ

የወረዳችንን ቁጥር አልናገርም፤ ሌሎቹ ወረዳዎች እንዳይቀኑ። መንገዱ ደስ ይላል። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ የሚመለሰው ሰው ነጠላውን እያስተካከለ ወደ ባቡሩ ይወርዳል። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያሉት ሱቆች መዝጊያቸውን በጩኸት ይከፍታሉ። አንዲት ሴት በፌስታል የሸፈነችውን ትኩስ ፓስቲ ለተማሪዎች ትሸጣለች። ሕይወት ይቀጥላል ይባላል እንጂ ሲቀጥል እንዲህ እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር።

ወረዳው በር ላይ የቀደመኝ ሰው አልነበረም። የቀደመኝ ድንጋይ ነው። ከእኔ በፊት ጎህ ያልጠበቁ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ድንጋይ አስቀምጠው ተራ ይዘው ሻይ ሊጠጡ ሄደዋል። ከአንድ የተሰበረ ብሎኬት ኋላ ተሰለፍኩ። ጨዋ ብሎኬት ነበር፤ አልገፋኝም።

ከበሩ በላይ ሰፊ ባነር ተሰቅሏል፦ «ተገልጋይ ንጉስ ነው»። ሁለቴ አነበብኩት። ንጉሥን በእሳቱ «ሰ» ጽፈውታል። ተገልጋይ ለምን እንደሚቃጠል ያን ጊዜ ገባኝ።

ከኋላዬ አንድ ወጣት አባት መጥቶ ቆመ። ዐይኑ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዐይን ቀልቷል።

«ማዘር፣ ይሄ ሰልፍ የልደት ነው?»

«የሞት መስሎኝ ነው የቆምኩት።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበበ። «ወሳኝ ኩነት፦ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት... ሁሉም በአንድ መስኮት ነው። መግቢያውም መውጫውም አንድ በር ነው ማለት ነው» አለና ጥቁር ልብሴን አይቶ ደነገጠ። «ይቅርታ ማዘር። ነፍስ ይማር።»

«ይማር። አንተስ ማንን አገኘህ?»

«ሴት ልጅ።» ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደ ሰው ተቀየሩ። ሲስተም የለም ተባለ፤ መጣ ተባለ፤ ሄደ ተባለ። ሲስተም የሚባለውን እስካሁን በዐይኔ አላየሁትም፤ ግን ከዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሁሉ እንደ ልቡ የሚገባና የሚወጣ እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። የምታስተናግደው ልጅ ትዕግሥት ትባላለች፤ ስሟ የሚያገለግለው ለእሷ ይሁን ለእኛ አላወቅኩም። መልካም ልጅ ናት። የሆስፒታሉን የሞት ማስረጃ ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፤ ጠበቀች፤ እንደገና ጻፈች።

«እናቴ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም።»

«አዎ ልጄ፤ ሞቷል።»

«አይ፣ ሞቶ አይደለም የሌለው። ከመጀመሪያውም የለም።»

ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ትዳሬን ባንድ አፍታ አሰብኩት። ከማን ጋር ነበር የኖርኩት?

ትዕግሥት ማስረጃውን ወደ መስታወቱ አስጠግታ አየችው። ሆስፒታሉ ስሙን የጻፈው ሥዩም በእጁ ካረመው ካርድ ላይ ገልብጦ ነው፤ ስለዚህ «ሥዩም» ይላል፣ በትክክል። እሷ ደግሞ በመታወቂያ ቁጥሩ ስትፈልግ «ስዩም ተሰማ» የሚል ሰው መጣላት። ነዋሪዎችን ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገቡ ጸሐፊው በእሳቱ ጽፎት ኖሯል። ትዝ አለኝ፤ ሥዩም ለማሳረም ተመላልሶ ነበር። በሄደ ቁጥር ሲስተም የለም ይሉታል። በኋላ ታመመ።

«ሁለቱ አይመሳሰሉም» አለች ትዕግሥት። «ሲስተሙ ሁለት የተለያየ ሰው ነው የሚላቸው። ኤስን ስጫን የሚወጣው ይሄኛው ነው። የእርስዎ ባለቤት ያኛው ነው፤ እሱ ሁለት ጊዜ መጫን ይፈልጋል።»

አገሪቱ ሁለት ጊዜ መጫን ስላልወደደች ነው ለካ ባለቤቴ ያልነበረው። ቀስ ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ከኋላ ያለው ሰው እንዲሰማ ሳይሆን ልጅቷ እንድትሰማ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፦

«የኔ ልጅ፣ ትክክለኛው በንጉሡ ነው። በንጉሡ አድርገሽ ጨርሽልኝ።»

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«በንጉሡ?» አለች ትዕግሥት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ንጉሡ ዛሬ ስብሰባ ላይ ነው እናቴ። እሱ ነው የላከዎት?»

«ማን ነው ንጉሡ?»

«የቡድን መሪያችን ነዋ! አሁን እርስዎ በንጉሡ በኩል ነው አላሉም?»

ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ ጮኸ። «በዘመድ ነው እንዴ እዚህ ቤት? እኛ ከሌሊት ጀምሮ ድንጋይ ሆነን ቆመን!»

«ጥቁር የለበሰ ሁሉ በንጉሡ ይግባ ከተባለ እኛም ሄደን ጥቁር እንልበስ» አለች ሌላዋ።

«ፊደል ነው! ፊደሉን ነው ያልኩት!» ብዬ ዞርኩ። የሚሰማኝ አልነበረም። ወጣቱ አባት ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ፦ «ማዘር፣ ሰውዬውን በደንብ የሚያውቁት ከሆነ የኔንም አንድ ቃል ቢነግሩልኝ።»

ትዕግሥት አዘነችልኝ። የስም እርማት የወረዳ ሥልጣን ስላልሆነ የበላይ አካልን እንድጠይቅ ነገረችኝ። በወረቀቴ ጀርባ ላይ አድራሻውን ጻፈችልኝ። ስወጣ ሰልፉ በሙሉ በክፉ ዐይን ሸኘኝ። በሕይወቴ ባለሥልጣን ዘመድ ኖሮኝ አያውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የኖረኝ ፊደል ሆኖ ተገኘ።

ማክሰኞ። ሰንጋ ተራ፣ የበላይ አካል ዘንድ

ሰንጋ ተራ ድሮ ከብት የሚሸጥበት ነበር ይባላል። አሁን ፎቅ በፎቅ ነው፤ ያልተሠራው ቦታ እየተቆፈረ ነው። በቆርቆሮ አጥር ሥር፣ በአቧራና በሲሚንቶ መኪና መካከል ተሽሎክልኬ አለፍኩ። የበላይ አካል የሚገኘው ከላይኛው ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ አይሠራም። የበላይ መሆኑን ያወቅኩት ደረጃውን ስወጣ ነው።

እርማት የሚመለከታቸው ኃላፊ ከረቫታቸውን በትክክል ያሰሩ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። ወንበር ሰጡኝ። ጉዳዬን አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። አንገት የሚነቀንቅ ሰው ሳገኝ ቶሎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይሄ ድክመቴ ነው።

«የስም እርማት ይቻላል» አሉ። «ባለስሙ ራሱ በአካል ቀርቦ ማመልከቻ ያስገባል።»

«ባለስሙ ሞቷል።»

«መሞቱን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይዘዋል?»

«እሱን ለማግኘት ነው የምዞረው።»

«መልካም። እሱን ያምጡልኝና እርማቱን እናያለን።»

«እሱን የሚሰጡኝ ስሙ ሲታረም ነው።»

ብዕራቸውን አስቀምጠው አሰቡ። በደንብ አሰቡ፤ ውሸት አልናገርም። «ልክ ነዎት» አሉ በመጨረሻ። «አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ውክልና ሰጥተውዎት ነበር?»

«አዎ፤ በሕይወት እያለ።»

«እሱ አይሆንም። ውክልና በሞት ይቋረጣል።»

«እንግዲያው መሞቱን ያምናሉ ማለት ነው?»

«ለውክልናው ጉዳይ ሞተዋል» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። «ለእርማቱ ጉዳይ ግን ገና ናቸው።»

ሥዩም ይህን ቢሰማ ኖሮ ሆዱን ይዞ ይሥቅ ነበር። ደረጃውን ስወርድ እሱ እንደሚሥቀው ልሥቅ ሞከርኩ። መጀመሪያው ወጣልኝ፤ መጨረሻው ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝና ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። «እዚህ ደረጃ ላይ ሁሉም ያለቅሳል እትዬ» አለችኝ። «አሳንሰሩ ሲሠራ እዚያ ውስጥ ነበር የሚያለቅሱት።»

ከሕንፃው ሥር ካለችው ሻይ ቤት ሃያ ብር ከፍዬ ሻይ ጠጣሁ። ስኳሩ በዝቶ ነበር። አልመለስኩትም።

ረቡዕ። እንደገና ወረዳ፣ አቶ ንጉሡ ዘንድ

በሌላ መንገድ የማይሆን ከሆነ፣ እስቲ ሰው እንደጠረጠረኝ ልሁን ብዬ አሰብኩ። ወረዳ ሄጄ ሰልፉን አልፌ ዘበኛውን «በንጉሡ ነው» አልኩት። ወዲያው አስገባኝ። ንጉሡ «ሠ» በዚህ አገር አሁንም ኃይል እንዳለው ያኔ አየሁ።

የቢሮው በር ላይ የፕላስቲክ የስም ሰሌዳ አለ። ቆም ብዬ አነበብኩት። «ንጉሱ» ይላል። በእሳቱ።

እስካሁን ስሙን በንጉሡ «ሠ» ስጽፍላችሁ የመጣሁት በጆሮዬ ብቻ ስለሰማሁት ነው። የገዛ ስሙ ለፊደሉ ስም ያወጣለት ሰው፣ ፊደሉ ራሱ የለውም። ሥዩም ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በር ማን ይነቅለው ነበር!

አቶ ንጉሱ ጎልማሳ ነው፤ ድካም የተጫነው፤ ጠረጴዛው ላይ ፋይል ከሻይ ብርጭቆው በላይ ተቆልሎበታል። ሰኞ ዕለት በስሙ የገባች ሴት እንዳለች ሰምቷል።

«ዘመዱ ነኝ ብለዋል አሉ» አለኝ እየሣቀ። «ይቀመጡ እናቴ። የት ነው የምንዛመደው?»

«በፊደል» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ማክሰኞ ላይ ስደርስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ከላይ የነገሩዎት ልክ ነው» አለ። «አያሳርሙልዎትም። እኔ የምመክርዎት ሌላ ነው። ሆስፒታል ይሂዱና ማስረጃውን በዚህኛው ሰ ያስጽፉት። ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን እንጂ ዕለቱን እፈርማለሁ።»

«እሱ ግን በንጉሡ ነው። ሕይወቱን ሙሉ...»

«ድምፁ አንድ ነው እኮ እናቴ።»

«ድምፁ አንድ ከሆነ ሲስተሙ ለምን ሁለት ሰው ይላቸዋል?»

«ሲስተሙ ጆሮ የለውም።»

የበሩን ሰሌዳ በጣቴ አሳየሁት። «የእርስዎስ?»

ቶሎ ገባው። የመጀመሪያው ሰው ነበር ቶሎ የገባው። «አንደኛ ክፍል ስገባ የመዘገበኝ መምህር የጻፈው ነው። ዲግሪዬም፣ የትዳሬ ወረቀትም፣ የልጆቼም የአባት ስም በእሱ ነው። አንድ ጊዜ ላሳርም ብዬ አመልክቼ ነበር።»

«እና?»

«ወደዚህ ቢሮ ላኩኝ» አለ። «ወደ ራሴ።»

ሁለታችንም ሣቅን። ሣቁ ሲያልቅ ዓርብ ትዝ አለኝ። «የቤቱ ቀን ዓርብ ነው» አልኩት። «ዐውቃለሁ» አለ። «ለዚህ ነው ሆስፒታል የምልዎት። እልህ የሚጋቡ ከሆነ ፊደሉ ይቀርልዎታል፤ ቤቱ ግን ይሄዳል።»

ሐሙስ። በሜክሲኮ በኩል ወደ ሆስፒታሉ

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው ብቻ!» ይላል። እኛ ቀድሞውኑ እንደ በርበሬ ታጭቀናል።

«ማዘር፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይጨመር።»

«ወዴት ልጠጋ ልጄ? ከዚህ በኋላ ያለው መስታወት ነው።»

«መስታወቱም ይጠጋል ማዘር፤ ፍቅር ካለ።»

ተሳፋሪው ሣቀ። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ወረድን። ባንክ፣ ኮሌጅ፣ ካፌ፤ ቡና የሚጠጡ ልጆች፣ ስልክ የሚያናግሩ ሰዎች፤ ባቡሩ በላያችን ጮኾ አለፈ። ከሥዩም ጋር የመጣነው በዚህ ነበር። ያኔ ተደግፎኝ ሲሄድ የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን እያነበበ ስሕተት ይቆጥር ነበር። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ስንት እንደደረሱ አላስታውስም እንጂ ብዙ ነበሩ። እኔም በዚያው መንገድ ስሄድ ሳላስበው ማንበብ ጀመርኩ። «ህንጻ»፤ «ፀሃይ»፤ «ስጋ ቤት»። የሚለቅማቸው ሰው ከሌለ ዝም ብለው ይኖራሉ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ሰዎቹ ጥሩ ሠርተውልኛል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጸጉሩ የሸበተ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው። አዲስ ማስረጃ ሊጽፍልኝ ተስማማ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለኝና «ቀድሞ የተሰጠው በስሕተት የተጻፈ መሆኑን ጽፈው ይፈርሙልኝ» አለ።

«ስሕተት አልነበረም።»

«ካልነበረማ ለምን ይቀየራል እናቴ?»

እውነቱን ነው። ከእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ካርዱን አወጣሁ። ሥዩም የሰረዘው፣ ከላዩም «ሥ» ያሳረፈበት። በጀርባው ተኝቶ ስለጻፈው የፊደሉ እግሮች ትንሽ ተወላግደዋል፤ ግን ንጉሥ ናት፤ ማንም አይቷት አይሳሳትም። በሕይወቱ የመጨረሻ እርማቱ ናት። አሁን እኔ፣ ሚስቱ፣ ያቺ እርማት ስሕተት ናት ብዬ በፊርማዬ ላረጋግጥ ነው። ካላረጋገጥኩ ደግሞ ነገ ዓርብ ነው።

ሰውዬው አልገፋፋኝም። ሌላ ፋይል አንሥቶ ያነበበ መሰለ።

ጻፍኩ። «ቀደም ሲል የተሰጠው ማስረጃ ላይ የባለቤቴ ስም በስሕተት የተጻፈ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» «ስሕተት» የሚለውን በሐመሩ «ሐ» ጻፍኩት፤ እሱ እንዳስተማረኝ፤ እንደሚገባው። ቢያንስ ስሕተቱን ያለ ስሕተት ጻፍኩት። ፈረምኩ።

ሠራተኛው አዲሱን በእሳቱ «ሰ» ጽፎ ሰጠኝ። አሮጌው ላይ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም መታበትና ፋይሉ ውስጥ ከተተው። ካርዱንም ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ዐይኔን አየና እጁን መለሰ።

«እሱ የእርስዎ ይሁን» አለኝ። «ካርድ ይጠፋል። እኛ ዘንድ የሚጠፋ ነገር ብዙ ነው።»

ዓርብ። ወረዳ፣ የቤቶች ቢሮ፣ ቤቴ

ጠዋት ኔትወርክ የለም ተባለ። ትዕግሥት በመስኮቱ አየችኝና በዐይኗ «አይዞዎት» አለችኝ። ወጣቱ አባትም ነበር፤ የልጁን የልደት ወረቀት ሊወስድ መጥቷል።

«ማዘር፣ በንጉሡ በኩል አለቀልዎት?»

«በእሳቱ በኩል ነው ያለቀልኝ» አልኩት። ግራ ገባው። ነገሩን ስነግረው ደንግጦ የልጁን ወረቀት ገልጦ አሳየኝ። «ልጄ ሠናይት ናት። እነሱ እንዲህ ጽፈዋታል። በየትኛው ነው ልክ?»

አየሁት። በእሳቱ ነበር። ሥዩም ቢሆን ከሰልፉ አስወጥቶ ወደ መስኮቱ ይመልሰው ነበር። ለእኔ ግን ቀኑ ዓርብ ነበር፤ የልጅቷም አባት ሦስት ቀን ያልተኛ ነበር።

«ልኩ በንጉሡ ነው» አልኩት። «ግን በየትኛውም ይሁን፣ እስክታረጅ ድረስ ሁሉም ወረቀቷ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ይህን ብቻ ጠብቅላት።»

ኔትወርኩ ከምሳ በኋላ መጣ። አቶ ንጉሱ ራሱ ወርዶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ፈረመ፤ ማኅተሙን ራሱ መታ። ከሰልፉ ያ ወፍራም ድምፅ «አላልኳችሁም? ዘመዱ ናት!» አለ። አቶ ንጉሱ ቀና ብሎ «አዎ፤ ዘመዴ ናቸው» አለ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ስዩም ተሰማ፣ ወንድ፣ ያገባ፣ ሞቷል ይላል። ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ እየነፋሁበት ወደ ቤቶች ቢሮ ሮጥኩ። በዕድሜዬ መሮጥ ከተባለ።

የቤቶች ቢሮዋ ልጅ መታወቂያዬን፣ ውሉንና ወረቀቱን አስተያየች። ውሉም ከሲስተሙ የታተመ ስለነበር በእሳቱ ነው፤ ሦስቱም ተስማሙ። በሩ ሊዘጋ ሲል ውሉ በእኔ ስም ዞረ። «እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝ፤ ከዚያ ምን እንዳለች ሰማችና አፏን ያዘች። «ችግር የለም ልጄ» አልኳት። ቤት ማግኘትና ባል ማጣት በአንድ ወረቀት ሲሆን ምን እንደሚባል እኔም አላውቅም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰፈሬ ገባሁ። አስካለ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ፋይል አይታ እልል ልትል ጀምራ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላትና እልልታዋን ዋጠችው።

«ተገኘ?»

«ተገኘ። ቤቱ አልሄደም።»

«ተመስገን! ተመስገን የድንግል ልጅ!» አቀፈችኝ። ስትለቀኝ ቀና ብላ ጣውላዋን አየች። ምስማር መንቀያም ይዛ ኖሯል፤ የአስካለ ነገር። «እንግዲህ እንንቀላት አይደል? አሁንማ መሞቱ ተረጋገጠ።»

ፋይሉን ከፈትኩና ወረቀቱን ሰጠኋት። «እስቲ አንብቢው። ማነው የሞተው?»

«ስዩም... ስዩም ተሰማ።»

«በእሳቱ ነው የተጻፈው። እሱ ሌላ ሰው ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ሁለት ሰው ናቸው ብሏል። አሁን ደግሞ በር ላይ ያለውን አንብቢ።»

ቀና ብላ አየችው። «ሥዩም ተሰማ።»

«በንጉሡ የሚጻፈው ሥዩም መሞቱን የሚገልጽ አንድም ወረቀት በዚህ ከተማ ውስጥ የለም። አንድ ነበረ፤ ትናንት ተሰርዟል።» ምስማር መንቀያውን ከእጇ ወስጄ ከደጃፉ ሥር አስቀመጥኩት። «ማስረጃ አምጪና እንነቅላታለን።»

በሩን ከፈትኩ። ቤቱ የእኔ ነው። ካርዱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከቀይ እስክሪብቶው አጠገብ አስቀመጥኩት።